ናይትሮጅን ሞልቼ ኦክስጅን አገኘሁ! 760 ናኖሜትር ላይ የሠራ ሰው አለ?

ቀጭን_መስመር

ሰላም ለሁላችሁም። ሦስት ሳምንት ከአንድ ነገር ጋር ስታገል ከረምኩ። አሁን እጅ ሰጥቻለሁ፣ ለዛ ነው የመጣሁት።

760 ናኖሜትር አካባቢ የምትሠራ ትንሽዬ ቪክሰል (ከቺፕ ገጽ ቀጥታ ብርሃን የምታወጣ) ሌዘር አለችኝ። ጨረሯ 15 ሴንቲሜትር አየር ላይ ትሄድና 10 ሴንቲሜትር በሚረዝም የአሉሚኒየም ሴል (ጋዝ የሚሞላበት ዕቃ) ውስጥ ታልፋለች። ከዛ ሌላ 10 ሴንቲሜትር ሄዳ ሲሊከን ፎቶዳዮድ (ብርሃኑን የሚለካው ዲቴክተር) ላይ ታርፋለች። የሌዘሯን ከረንት እየጨመርኩ ፍሪኩዌንሲዋን 30 ጊጋኸርትዝ ያህል አስጉዘዋለሁ። አንዲት የኦክስጅን መስመር፣ ማለትም ኦክስጅን ብርሃኑን የሚውጥባት ጠባብ ቦታ፣ ቁልጭ ብላ ትታየኛለች። እስከዚህ ድረስ አሪፍ ነው።

ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ሴሉን በንጹህ ናይትሮጅን ደጋግሜ ባጥበውም መስመሯ አትጠፋም። ትንሽ ትቀንሳለች፣ ከዛ በኋላ ፍንክች የለም። ጋዝ ያስገባል ብዬ ሴሉን ፈታሁት፣ ጎሚኒዎቹን በሙሉ ቀየርኩ፣ ያው ናት። በዚያ ላይ ከመስመሯ ግራና ቀኝ ቀጥ ማለት ያለበት ቦታ ይወዛወዛል። ግቤ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 100) ኦክስጅን ማየት ነበር። አሁን ግን ናይትሮጅንና አየርን መለየት ራሱ እያቃተኝ ነው።

ጠማማ_መስታወት

ሴልህ አያስገባም። ጎሚኒዎቹን በከንቱ ነው የቀየርካቸው፣ ይቅርታ።

እስቲ አብረን እናስላ። ተራ አየር ውስጥ ከኤ-ባንድ (760 አካባቢ ካለው የኦክስጅን መስመሮች ስብስብ) ጠንካራ መስመሮች አንዷ መሃሏ ላይ በ1 ሜትር መንገድ ከብርሃኑ 2.5 በመቶ ገደማ ትውጣለች። ሴልህ በአየር ቢሞላ 10 ሴንቲሜትሩ 0.25 በመቶ ይወስዳል። ከሴሉ ውጪ ያለው 25 ሴንቲሜትር ግን 0.6 በመቶ ይወስዳል። ሴሉን ፈጽመህ ባዶ ብታደርገው እንኳ ከሲግናልህ 70 በመቶው ከቦታው አይነቃነቅም ማለት ነው። «ትንሽ ትቀንሳለች» ያልከው ይኸው ነው።

ኦክስጅንን ከሌሎች ጋዞች የሚለየው ይሄ ነው፤ የምትለካው ነገር ክፍሉን ሞልቶታል። ሌዘሩንም ሴሉንም ዲቴክተሩንም አንድ ሳጥን ውስጥ ክተትና ሳጥኑን በናይትሮጅን እጠበው። ያለዚያ የምትለካው ክፍልህን ነው።

ገና_ጀማሪ

ጥያቄዬ የጅል ከመሰለ ይቅርታ። ኦክስጅን ሁለት አንድ ዓይነት አቶሞች ናቸው። እንዲህ ያለ ሞለኪውል ኤሌክትሪክ ዳይፖል ስለሌለው ኢንፍራሬድ አይመጥጥም ተብለን ነው የተማርነው። ናይትሮጅንም የማይታየው ለዚሁ ነው። ታዲያ ይቺ መስመር ከየት መጣች?

ጋሼ_ስፔክትረም

ልጄ፣ ጥያቄሽ የጅል አይደለም። ብዙ ሰው ሳይጠይቀው ያልፋል።

የተማርሽው ስለ ንዝረት ነው፣ እሱም ትክክል ነው። እዚህ ያለው ግን ንዝረት አይደለም፣ ኤሌክትሮን ነው። ኦክስጅን በመደበኛ ሁኔታው ሁለት ኤሌክትሮኖች ስፒናቸው (ኳንተማዊ ሽክርክሪታቸው) በአንድ አቅጣጫ ተሰልፎ ይገኛል። ትሪፕሌት የምንለው ይሄ ነው፤ ኦክስጅን በማግኔት የሚሳበውም በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ ከፍ ብለው ሁለት የሲንግሌት (ስፒኖቹ ተቃራኒ የሆኑባቸው) ደረጃዎች አሉ። ወደ ቅርቡ ለመውጣት 1.27 ማይክሮሜትር ብርሃን ይበቃል፤ ወደ ሁለተኛው ለመውጣት 762 ናኖሜትር አካባቢ ያስፈልጋል። ኤ-ባንድ የሚባለው ሁለተኛው ነው።

ታዲያ ሁለቱም መንገዶች የተከለከሉ ናቸው። የስፒን ሕግ ይከለክላቸዋል፣ የኤሌክትሪክ ዳይፖል ሕግም ይከለክላቸዋል። በማግኔታዊ ዳይፖል በኩል ጠባብ በር አግኝተው ነው ሹልክ የሚሉት። ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ከዕድሜያቸው ይታወቃል። ያልተከለከለ ሽግግር በናኖሰከንዶች ውስጥ ብርሃኑን አውጥቶ ይጨርሳል። የኤ-ባንዱ የላይኛው ደረጃ ማንም ካልነካው 12 ሰከንድ ያህል ይቆያል። የ1.27ቱ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ! አየር ውስጥ እርግጥ ግጭቱ ቀድሞ ያወርደዋል።

በር ቢጠብም ሕዝቡ ብዙ ነው። በላያችን ያለው የኦክስጅን ብዛት የፀሐይን ስፔክትረም 760 ላይ ያጠቁረዋል። ፍራውንሆፈር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለጥቁር መስመሮች ፊደል ሲሰጥ ኤ እና ቢ ያላቸው የፀሐይ አልነበሩም፣ የእኛው አየር ናቸው። ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ቀጭን_መስመር

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን።

@ጠማማ_መስታወት ሳጥኑን ሠራሁት፣ አንድ ሌሊት ሙሉ ናይትሮጅን ለቀቅኩበት። መስመሯ ወረደች! ግን ሙሉ በሙሉ አልሄደችም። የቀረችው ሴሉ ውስጥ 0.6 በመቶ ኦክስጅን ቢኖር የምታክለውን ያህል ናት። ሲሊንደሩ ላይ የተጻፈው ንጽሕና ከዚህ በጣም የተሻለ ነው፣ ስለዚህ ከጋዙ አይደለም።

ውዝዋዜው ደግሞ አሁን በደንብ ይታያል። 30 ጊጋኸርትዝ ውስጥ 20 ጉብታ ቆጠርኩ። ከፍታቸው ከብርሃኑ አንድ አሥር ሺሕኛ ገደማ ነው። ትንሽ ነው አይደል?

ጠማማ_መስታወት

ትንሽ አይደለም ወዳጄ! 21 በመቶ ኦክስጅን ሴልህ ውስጥ 0.25 በመቶ ብርሃን የሚውጥ ከሆነ፣ አንድ አሥር ሺሕኛ ማለት 0.8 በመቶ ኦክስጅን ነው። የምትፈልገው 100 ፒፒኤም ደግሞ አንድ ሚሊዮንኛን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ጉብታዎችህ ከምትፈልገው ነገር ሰማንያ እጥፍ ይበልጣሉ።

ግን ደስ የሚለው፣ ራሳቸው ስማቸውን ነግረውሃል። 30ን ለ20 ስታካፍል 1.5 ጊጋኸርትዝ ነው። የብርሃንን ፍጥነት ለ1.5 ጊጋኸርትዝ አካፍልና ግማሹን ውሰድ፣ 10 ሴንቲሜትር ይመጣል። እሱ ሴልህ ነው። ሁለቱ መስኮቶችህ ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ ብርሃኑ መካከላቸው ይመላለሳል፣ ፍሪንጅ (ሞገዶቹ ሲደራረቡ የሚመጣ ውዝዋዜ) ይሠራል። ሌዘሩና ዲቴክተሩ ቢሆኑ ኖሮ በ35 ሴንቲሜትር 0.43 ጊጋኸርትዝ ታይ ነበር። ባለ 3 ሚሊሜትር የመስኮት መስታወት ራሱ ከሆነ 33 ጊጋኸርትዝ ስለሚሰፋ ጉብታ አትቆጥርም፣ የተጋደመ መሬት ነው የሚመስልህ።

የአንተ ደግሞ ክፉው ዓይነት ነው። በአንድ አትሞስፌር የኦክስጅን መስመር ስፋቷ 3 ጊጋኸርትዝ ያህል ነው። 1.5 የሚሰፋ ፍሪንጅ ልክ እሷን መስሎ ይቆምልሃል።

መድኃኒቱ፦ ሁለቱ ገጾቹ ትይዩ ያልሆኑ መስኮቶች ግዛ፣ እነሱንም አዘንብለህ ግጠም። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ማዘንበያ አትስጣቸው፣ አለዚያ እንደገና ይተያያሉ። ዲቴክተሩንም ትንሽ አጣመው። በዚህ ሥራ ቀጥ ብሎ የተገጠመ ነገር ሁሉ ጠላት ነው፣ ስሜን ከየት ያመጣሁት መሰለህ?

ካቪቲ_ወዳጅ

ይሄን ሁሉ ከምትለፉ ወደ ካቪቲ ሪንግ-ዳውን ለምን አትሄዱም? ዘዴው ራሱ የተወለደው ኦክስጅን ላይ ነው። ኦኪፍና ዲከን እ.ኤ.አ. በ1988 መጀመሪያ ሲያሳዩት የተጠቀሙት የኦክስጅንን ደካማ ባንዶች ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው። 99.99 በመቶ የሚያንጸባርቁ ሁለት መስታወቶችን በ50 ሴንቲሜትር ርቀት አስቀምጥ። ብርሃኑን አስገባና ድንገት አጥፋው። ውስጥ የቀረው ብርሃን እየተመላለሰ ቀስ በቀስ ይሞታል፣ 17 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ 5 ኪሎሜትር ሄዷል። ግማሽ ሜትር ጠረጴዛ ላይ 5 ኪሎሜትር! ጋዝ ካለ ቶሎ ይሞታል፣ አንተ የምትለካው የሞቱን ፍጥነት ብቻ ነው። የሌዘሩ ብርታት ከፍ ዝቅ ቢል አያገባህም። 100 ፒፒኤም ኦክስጅን የመሞቻ ጊዜውን ወደ 6 በመቶ ይለውጠዋል። 6 በመቶ በዓይንም ይታያል።

ጠማማ_መስታወት

ለ100 ፒፒኤም እውነትህን ነው። አየር አስገባበትና ምን እንደሚሆን ንገረው እንጂ።

ካቪቲ_ወዳጅ

እሺ፣ ይዘኸኛል። አየር ከገባ ጠንካራ መስመር መሃል ላይ 17 ማይክሮሰከንዱ ወደ 0.13 ይወርዳል፣ ምንም አታይም። ካቪቲው ይጨልማል። ለአየር ደካማ መስመሮችን መምረጥ ግድ ነው።

ይሄን ካነሳህ አይቀር አንድ ታሪክ ላውራ። ከዓመታት በፊት በንጹህ ኦክስጅን ስሠራ በሁለት የታወቁ መስመሮች መካከል፣ ምንም መኖር በሌለበት ቦታ፣ አንዲት ሚጢጢ መስመር አየሁ። ውኃ ነው ብዬ ጋዙን አደረቅሁት፣ አልሄደችም። ፍሪንጅ ነው ብዬ መስታወቶቹን ነካካሁ፣ አልተነቃነቀችም። ሁለት ሳምንት አሳበደችኝ። በመጨረሻ የመስመሮች ሰንጠረዥ ሳገላብጥ ቁጭ ብላ አገኘኋት። አንዱ አቶሙ ኦክስጅን-16 ሌላው ኦክስጅን-18 የሆነ ሞለኪውል ነው። ከኦክስጅን ሞለኪውሎች ከ250 አንዱ እንደዚያ ነው። ለአየር የሚሆኑት ደካማ መስመሮች እነዚህም ናቸው።

ገና_ጀማሪ

«ምንም መኖር በሌለበት ቦታ» ስትል ምን ማለትህ ነው? ለምንድን ነው ባዶ የሚሆነው?

ጋሼ_ስፔክትረም

ይቺን ለእኔ ተዉልኝ፣ ከስፔክትሮስኮፒ ሁሉ የምወዳት ክፍል ናት።

የኦክስጅን-16 ኒውክለስ ስፒኑ ዜሮ ነው፣ ስለዚህ ቦዞን ነው። ሁለት አንድ ዓይነት ቦዞኖች ቦታ ቢለዋወጡ የሞለኪውሉ ኳንተም ገለጻ ምልክቱ መቀየር የለበትም። ይሄ ሕግ በመደበኛ ሁኔታው ላይ ባለ ኦክስጅን ከመዞር ደረጃዎቹ ግማሾቹን ይሰርዛቸዋል። 1፣ 3፣ 5 እያለ ጎዶሎው ብቻ ይፈቀዳል፣ ተጋማሾቹ (0፣ 2፣ 4) በጭራሽ የሉም። በስፔክትረሙ ላይ በየመሃሉ አንድ አንድ ጥርስ የወለቀ ይመስላል። አንዱን አቶም በኦክስጅን-18 ስትተኪው ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆናቸው ያበቃል፤ የወለቁት ጥርሶች ሁሉ ይመለሳሉ። የወንድማችን ሚጢጢ መስመር ከእነዚህ አንዷ ብትሆን አይገርመኝም።

ደግሞም በሁለት ሳምንት አትዘን፤ በዚሁ መንገድ ትልቅ ነገር ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1929 ጂዮክና ጆንስተን ኦክስጅን-18 መኖሩን ያወቁት የፀሐይ ብርሃን አየራችንን ሲያልፍ ከኤ-ባንድ አጠገብ የሚተዋቸውን ደካማ መስመሮች አፍታተው ነው። ውጤቱ ጣጣም አመጣ። እስከዚያ ድረስ የአቶም ክብደት የሚለካው ኦክስጅንን 16 ብሎ ነበር። ከዛ በኋላ ኬሚስቶቹ የተፈጥሮውን ቅልቅል 16 አሉ፣ ፊዚሲስቶቹ ኦክስጅን-16ን ብቻ 16 አሉ። ካርቦን-12 መለኪያ ሆኖ እስኪያስታርቃቸው እስከ 1961 ድረስ ሁለት ሰንጠረዥ ይዘው ኖሩ።

ሌላው ወገን ደግሞ ባዶውን ቦታ ራሱን ይመረምራል። እ.ኤ.አ. በ1996 ሁለት ቡድኖች በሌዘር የወለቁት ጥርሶች ቦታ ላይ ቁጭ ብለው ሕጉ ትንሽ እንኳ ይጣስ እንደሆን ጠበቁ። ምንም አልመጣም። ምንም አለማየት ውጤት የሚሆነው መሣሪያህ እጅግ ስሱ ከሆነ ብቻ ነው።

ቀዝቃዛ_ዳዮድ

ጋሼ ሁሌም ከርዕስ ያወጡናል፣ ግን ማን ይቀየማል።

ወደ ልጁ ችግር ልመለስ። ካቪቲ አሪፍ ነው፣ ግን የሰውዬው ቪክሰል ሰፊ መስመር ያላት ትንሽ ሌዘር ናት፣ ካቪቲ ውስጥ ማስገባቱ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በያዘው ዕቃ ብዙ መሄድ ይችላል። ከረንቱ ላይ በቀስታው ጉዞ አናት 10 ኪሎኸርትዝ ሳይን ሞገድ ደርብ። ሎክ-ኢኑን (አንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ መርጦ የሚለካውን መሣሪያ) 20 ላይ አድርግ፣ ማለትም ሁለት እጥፉ ላይ፤ 2ኤፍ የሚባለው ይሄ ነው። በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለውን ኖይዝ በሙሉ ጥለኸው ትሄዳለህ። የማወዛወዣው ስፋት ከመስመሩ ግማሽ ስፋት 2.2 እጥፍ ሲሆን ሲግናሉ ትልቁ ላይ ይደርሳል። ፍሪንጅን ግን አያጠፋልህም! ብዙ ሰው 2ኤፍ ስላደረገ የተፈወሰ ይመስለዋል። ፍሪንጁም አብሮ ይወዛወዛል።

ሌላ ምክር፣ ግፊቱን ቀንስ። እዚህ ላይ ሰው ይደነግጣል፣ ጋዝ ከቀነስኩ ሲግናሌ ይቀንሳል ብሎ። በከፍተኛ ግፊት መስመሩን የሚያሰፋው ግጭት ነው፤ ጋዙን ስትቀንስ መስመሩም አብሮ ስለሚጠብ የመሃሉ ጥልቀት ብዙም አይለወጥም። ይሄ የሚያበቃው የሞለኪውሎቹ ሩጫ ራሱ የሚሰጠው ስፋት ሲደርስ ነው፤ 760 ላይ 0.86 ጊጋኸርትዝ ነው፣ በግፊት ሲታሰብ ወደ አንድ ሦስተኛ አትሞስፌር። እዛ አካባቢ ከጥልቀቱ የተወሰነ ታጣለህ፣ መስመርህ ግን ቀጥና ከፍሪንጁ ትለያለች።

ሳልረሳው፣ 760 ለዓይን ደብዛዛ ቀይ ነው የሚመስለው። ዓይናችን በደንብ ስለማያየው እንጂ ሬቲና ላይ ግን በደንብ ያተኩራል። ደበዘዘ ብላችሁ ጨረሩ ውስጥ አትዩ።

ገና_ጀማሪ

1.27 ላይ ቢሠራስ? እዛም ባንድ አለ ብለውናል ጋሼ።

ጋሼ_ስፔክትረም

አለ፣ ግን ከኤ-ባንድ ብዙ አሥር ጊዜ ይደክማል። ሲሊከንም እዛ አያይም፣ ሌላ ዲቴክተር ያስፈልጋል። ከመስመሮቹ ሥር ደግሞ ሰፊ ኮረብታ አለ። ሁለት ሞለኪውሎች ሲጋጩ ለቅጽበት አንዱ በሌላው ላይ ዳይፖል ይፈጥራል፣ በዚያች ቅጽበት ብርሃን ይመጥጣሉ። የዚህ ጥንካሬ በጋዙ ጥግግት ስኩዌር ነው የሚያድገው። ለአጭር ሴል ምንም ጥቅም የለውም፣ ለካቪቲና ለሰማይ ሰዎች ግን ዋና ነገር ነው።

የሰማይ ሰዎች ካልኩ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጠቀችው ኦኮ-2 ሳተላይት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ልትለካ ሄዳ ኤ-ባንድንም ትለካለች። ለምን? የኦክስጅን ድርሻ በደረቅ አየር 20.95 በመቶ መሆኑ ስለሚታወቅ ብርሃኑ ምን ያህል አየር እንዳለፈ የሚነግራት እሱ ነው፤ ሜትሯ ነው በሉት። ከ400 ፒፒኤም ላይ የ1 ፒፒኤም ልዩነት ለማየት ሜትሩ ከ0.25 በመቶ በላይ መሳት የለበትም። እዚህ ላይ ነው የላቦራቶሪው ሥራ የሚከብደው። የተለመደው የቮይት ቅርጽ (የሞለኪውሎቹን ሩጫና የግጭቱን ስፋት ብቻ የሚደምረው የመስመር ቀመር) አይበቃም፤ ግጭት የሞለኪውሉን ፍጥነት ይቀይራል፣ ፈጣኑና ዘገምተኛው እኩል አይሰፉም፣ ጎረቤት መስመሮችም አንዱ ከሌላው ይበደራሉ።

ቀጭን_መስመር

ተመልሻለሁ። ትይዩ ያልሆኑ መስኮቶች ገጠምኩ፣ አጣመምኩ፣ 2ኤፍ ደረብኩ። ጉብታዎቹ ወደ አንድ አሥረኛቸው ወረዱ። እግዜር ይስጥልኝ።

ያቺ 0.6 በመቶ ግን አሁንም አለች። ሳጥኑን በሦስት ሌሊት አጠብኩት፣ ያው ናት። ሴሉን አውጥቼ ሌዘሩን ከዲቴክተሩ አፍንጫ ሥር አስጠጋሁት፣ ያው! መንገዱ አጠረ፣ መጠኑ ግን አልተለወጠም።

ቀዝቃዛ_ዳዮድ

መንገዱ አጥሮ ካልቀነሰች መንገዱ ላይ አይደለችም ማለት ነው። ከሁለቱ ጫፎች አንዱ ውስጥ ናት። 0.6 በመቶ በ10 ሴንቲሜትር ማለት 3 ሚሊሜትር ተራ አየር ነው። የዲቴክተሩን የመስታወት ቆብ አንሳውና እይ።

ቀጭን_መስመር

አነሳሁ። ምንም አልተለወጠም።

ቀዝቃዛ_ዳዮድ

እንግዲያው ሌዘሯ ቆብ ውስጥ ነው። ስትታሸግ አየር ታሽጎባታል። ናይትሮጅን ሳጥን ውስጥ ዓመት ብታስቀምጣት አይወጣም።

ቀጭን_መስመር

ኧረ ጉድ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ኦክስጅኑን ሌዘሯ ራሷ ይዛው ነበር ማለት ነው?! በቃ፣ ናይትሮጅን ባለበት ሴል ለክቼ ያንን ልቀንስ?

ጠማማ_መስታወት

ለመስመሯ ይሠራል፤ ቆቡ የታሸገ ስለሆነ ውስጡ ያለው ጋዝ አይቀየርም። የሌዘሯን ሙቀት ብቻ አጥብቀህ ያዝ። ለፍሪንጁ ግን አትመነው። አሉሚኒየም ሴልህ 1 ዲግሪ ሲሞቅ 10 ሴንቲሜትሩ 2.3 ማይክሮሜትር ይረዝማል። 0.38 ማይክሮሜትር አንድ ሙሉ ጉብታ ነው። በ1 ዲግሪ ስድስት ጉብታ ሄደብህ ማለት ነው። ጠዋት የለካኸውን ከሰዓት ብትቀንስ ጉብታ ላይ ጉብታ እየደረብክ ሊሆን ይችላል።

ቀጭን_መስመር

ቀንሼ አየሁት። በ10 ሰከንድ አማካይ 300 ፒፒኤም አካባቢ ደረስኩ። በ40 ሰከንድ 180። ከዛ በላይ ሳማክል ይሻሻላል ስል ጭራሽ ይብሳል። 100 ገና አልደረስኩም።

ካቪቲ_ወዳጅ

ከ40 ሰከንድ በኋላ የሚብሰው ስለሚንሸራተት ነው። አማካዩን ማስረዘም ኖይዝ ይገድላል፣ መንሸራተትን አይገድልም። ካቪቲ ብዬህ ነበር።

ጠማማ_መስታወት

ካቪቲህን ተወን እስቲ። @ቀጭን_መስመር ሴሉን በስፖንጅ ጠቅልለው፣ የክፍሉን ሙቀትና የኦክስጅን ንባብህን በአንድ ግራፍ ላይ አውጣና ለጥፍልን። አብረው ከወጡና ከወረዱ ሌባው ተይዟል።

ቀጭን_መስመር

አሁን እየሮጠ ነው፣ ነገ ጠዋት እለጥፋለሁ።